የታረቀኝ ቤት ቄጤማ

ለወዳጅ ሠርግ ዳባት ሄጄ ነበር። በሙሽራው በኩል የመጣ አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ባህር ዛፍ ዳር ቆመና አየሩን በረጅሙ ስቦ «እንዲህ ነው እንጂ አየር! ሳንባ ይከፍታል!» አለኝ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቅጠሉ ይሸታል። የእሱን ሳንባ እንጃ፣ የእኔን ሆድ ግን ያ ሽታ ሁልጊዜ ያባባዋል። እንግዳው ምን በወጣው፤ የቆመበት ቦታ ጨፌ እንደነበር ማን ነግሮት። እኔም አልነገርኩትም። ሠርግ ሊበላ ለመጣ ሰው ስለ ረግረግ ማን ያወራዋል?

ጨፌው ከደብሩ በታች በሁለት ጉብታዎች መካከል የተኛ ነበር። ሌላው ሜዳ በበጋ ሲገረጣ እሱ አረንጓዴነቱን አይለቅም። ቄጤማው እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ ሲረግጡት መሬቱ ከሥር ይርገበገባል፤ እግሬን ሳወጣ ደግሞ ቀዳዳው ተመልሶ በውሃ ይሞላል። ሽታው የጭቃና የተቆረጠ ለምለም ሣር ነው፤ ትንሽ የዛገ ብረትም ይሸታል። ረጃጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች ጠዋት ጠዋት እየመጡ አንገታቸውን አቀርቅረው ይዞሩበታል። እኔ የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር፤ አግኝተው ይሆን እያልኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቸዋለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ አስተማሪ ናት፤ አባቴ የግብርና ባለሙያ። ሁለቱም የዳባት ተወላጆች አይደሉም፤ አባቴ ከደብረ ታቦር ተመድቦ መጥቶ ነው። ችግኝ የሚወድ ሰው ነበር። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በላስቲክ የተደረደሩትን ቡቃያዎች በጣቱ ነካ እያደረገ ሲያልፍ ሕፃን የሚያባብል ይመስላል፤ እናቴም «ልጅህ እኮ እዚህ ናት» እያለች ትተርበው ነበር።

የአባቴ ወዳጅ አያ ታረቀኝ ናቸው። መሬታቸው ከጨፌው ጋር ይዋሰናል። አባቴ ያመጣውን አዲስ ዘር ሁሉ ከገበሬው ቀድመው የሚሞክሩት እሳቸው ነበሩ፤ ቢከሽፍባቸውም አይቀየሙም። «ዘንድሮ እሱ ተምሯል፣ እኔ ተርቤያለሁ፤ ለከርሞ እንለዋወጣለን» ይሉና ይስቃሉ። እኔን ምንቴ ነበር የሚሉኝ፤ ስሜ ምንትዋብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ወደ እሳቸው ሲሄድ ተከትዬ እሄድና ቀኑን ሙሉ ከጨፌው ዳር እውላለሁ።

አንድ ነገር ግን አያ ታረቀኝን ከሌላው ገበሬ ይለያቸዋል። የቀዳም ስዑር ቄጤማ ከእሳቸው ቤት ነው የሚመጣው። ስቅለት ቀን ሲሰግዱ ውለው፣ ቅዳሜ ፀሐይ ሳትወጣ ከልጆቻቸው ጋር ጨፌው ውስጥ ገብተው ያጭዳሉ፤ መሬት ሳያስነኩ በትከሻቸው ተሸክመው ደብሩ ድረስ ያደርሳሉ። አባታቸው እንዲያ አድርገዋል፤ የአባታቸውም አባት እንዲሁ። ታዲያ ካህኑ ቄጤማውን ለሕዝቡ ከማደላቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የታረቀኝ ቤት!» ብለው ይጣራሉ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ፣ ከግንቡ ተጠግተው የሚያስቀድሱት አያ ታረቀኝ ያን ጊዜ በሕዝቡ መሐል አልፈው ይወጣሉ፤ ከሽማግሌውም ከባለጸጋውም ቀድመው የመጀመሪያው ለምለም ራሳቸው ላይ ይታሰራል። በዓመት አንድ ቀን አገር የሚያያቸው ያን ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ስለዚሁ ጠየቅኳቸው።

«ቄጤማ ማምጣት ደስ ይላል እንዴ አያ ታረቀኝ?»

«እንዴታ!» አሉኝ። «የመሬቴ እኩሌታ በድልድል ጊዜ ሄደ። በሬዬን ይኸው ረግረግ ዋጠው። ይኸ ግን አልሄደም፤ ስሞትም ለልጆቼ የምተወው እሱን ነው።»

በሬያቸው እውነትም ጨፌው ውስጥ ሰጥሞ ነው የሞተው። የእሳቸው ብቻም አይደለም፤ በዙሪያው ያለ ቤት ሁሉ ወይ ላም ወይ በሬ ለጨፌው ገብሯል። እረኞች ሲራገሙ እንኳ «ጨፌ ይብላህ!» ይባባሉ ነበር።

ያ ዓመት የሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። አገሩ ሁሉ ለአዲሱ ሺህ ዓመት ይሰናዳል፤ ትምህርት ቤታችን አጥሩን ቀለም ተቀባ፤ አባቴ ደግሞ ከበላይ የመጣ ዕቅድ ተሰጠው። ወረዳው አረንጓዴ ሊለብስ ነው። ጥር ላይ ገበሬው ከደብሩ ሥር ተሰበሰበና አባቴ ዕቅዱን አስረዳ። ችግኝ የሚተከልባቸውን ባዶ መሬቶች በየስማቸው ሲጠራ ጨፌውንም ጠራው። እኔ ከአያ ታረቀኝ እግር ሥር ተቀምጬ ነበር። ባዶ መሬት ማለት ምንም የሌለበት ማለት ነው ብዬ ስለማውቅ፣ አባቴ ጨፌውን ቀርቦ አይቶት አያውቅም ማለት ነው ብዬ አፈርኩለት። እኔ ብጠየቅ የሚኖርበትን ሁሉ እቆጥርለት ነበር።

ገበሬዎቹ ግን ደስ አላቸው። ውሃው በቦይ ይወጣል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ክረምት ላይ ባህር ዛፍ ይተከላል። ማገዶ ይሆናል፤ ለቤት ማገር ይሆናል። ሴቶቹ ከሁሉ በላይ ደስ አላቸው፤ እንጨት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የሚንከራተቱት እነሱ ናቸዋ።

«ከእንግዲህ በሬ አይሰጥምም?» አሉ አያ ታረቀኝ።

«አይሰጥምም» አለ አባቴ።

«እንግዲያስ ይቆፈር።»

ይኼኔ የደብሩ ካህን መምሬ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቀዳም ስዑሩ ቄጤማስ?» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያ ታረቀኝን አየ። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ። «እንግዲህ ርስት ሲካፈሉ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ቀድሞ ይወጣል። እዚህም እናውጣላት። ከደብሩ በኩል ያለውን ቆርጠን እንተውላት፤ የቀረው ይቆፈር።»

«እሰይ! የአባት ነገር!» አለ ሕዝቡ። አባቴም ፊቱ በራ። አንድ ሰው እንኳ «ውሃ እንደ መሬት ይካፈላል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። በመሬት ክፍፍል ሲሟገትና ሲታረቅ የኖረ አገር ነው፤ የሚያውቀው ገመድና ወሰን ድንጋይ ነው። አባቴስ? አባቴ ተምሯል፤ ማወቅ ነበረበት። ግን ወዳጁ እንዲህ ያለ መላ ሲያመጣለት ጎንበስ ብሎ ከማመስገን ሌላ አልታየውም። አሁንም ሳስበው እሱን ነው የማዝንለት፤ ትንሽም እናደድበታለሁ።

በማግስቱ ሽማግሌዎች በገመድ ለኩ። ወሰኑ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ድንጋዮቹን ኖራ ቀባናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ድርሻ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ታጠረ። «ከዚህ ወዲህ ማንም አያልፍም!» ብለው ሽማግሌዎቹ ሲያውጁ፣ ውሃውም ነጩን ድንጋይ አይቶ የሚቆም መስሎኝ ነበር። በዚያች ዕለት እንደዚያ ያሰብኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ቁፋሮው ድግስ ይመስል ነበር። ሰው በየጎጡ ተሰልፎ እየጨፈረ ዶማውን ያነሳል፤ ጭቃው ፊቱን እየመታው ይስቃል። የቦዩ አፍ የተከፈተ ጊዜ ውሃው ጠቆር ብሎ፣ አረፋ እየደፈቀ ወደ ታችኛው ወንዝ ወረደ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። በሬያቸውን የተነጠቁት ሁሉ ቦዩ ዳር ቆመው ጠላት ሲሸሽ እንደሚያይ ሰው አዩት። አያ ታረቀኝም «ሂድ ወዲያ! ሂድ ጥጋበኛ!» እያሉ ውሃውን በዶማቸው ይሸኙታል። አባቴ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲወጣ ቁፋሮው በሳቅ ለአፍታ ቆመ። ከሰው ጋር እንዲያ ሲስቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ጨፌው መንገድ ሆነ። ሰው በመሐሉ በደረቅ እግሩ ያቋርጠው ጀመር። ለክረምት የሚሆኑ የችግኝ ጉድጓዶች በረድፍ ተቆፈሩበት። የአባቴ አለቃም መጥተው አዩና ሌላው ቀበሌ ከዚህ ይማር አሉ።

ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ። ቤታችን ከጨፌው አይርቅም፤ ማታ ማታ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት እየሰማሁ ነበር የምተኛው። ቁፋሮው ካለቀ ወዲህ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄዶ ጾሙ ሲጀመር ጨርሶ ጠፋ። እኔም ነገሩ ገባኝ።

«እንቁራሪቶቹም ይጾማሉ» አልኩ እራት ላይ።

እናቴ ሳቀች። «ለፋሲካስ ምን ሊበሉ ነው?»

«እንደ ድሮው ይጮኻሉ። ዘፈን የተከለከሉት ለጾሙ ነው።»

አባቴ ግን አልሳቀም። እጁን ከትሪው መለሰና ጆሮውን ወደ መስኮቱ አደረገ። ከዚያ እናቴ «ምግቡ ይቀዘቅዛል» እያለችው ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ተኛ።

በማግስቱ ተከትዬው ሄድኩ። ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች እንደተደረደሩ ናቸው፤ እሾሁም አልተነካም። ቄጤማው ግን ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። አባቴ አጥሩን ተሻግሮ ገባና ተረከዙን መሬቱ ላይ ጫን አደረገ። ቀዳዳው ውሃ አልሞላም።

አያ ታረቀኝ መጀመሪያ ያሳበቡት በከብት ነበር። ሌሊት አጥር ጥሰው የሚገቡ መስሏቸው እሾሁን ደረቡት። ቀጥሎ በፀሐይ አሳበቡ። እሱም ሳያስኬዳቸው ሲቀር አንድ ቅዳሜ ጀሪካን ይዘው አገኘኋቸው። ከቦዩ እየቀዱ ወደ ቄጤማው ያመላልሳሉ። እኔም የችግኝ ጣቢያውን ትንሿን ማጠጫ አምጥቼ ተከተልኳቸው። ውሃው ከቀዳዳዎቹ ሲንጠባጠብ ቀሚሴን አረጠበው፤ መሬቱ ሲጠጣው ሲስ የሚል ድምፅ ያሰማል። ባፈሰስን ቁጥር ይጠፋል።

«አያ ታረቀኝ፣ ይኼ ውሃ ግን ከዚሁ አይደል የሄደው?» አልኳቸው።

ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ቦዩን አዩ፤ ቄጤማውን አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«ነው እንጂ የኔ ልጅ። ከዚሁ ነው የሄደው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሻል ይኼ ነው። በገዛ ዶማዬ ሸኝቼ በገዛ ጀርባዬ እመልሰዋለሁ።»

አባቴ ከኋላችን ቆሞ ነበር። መምጣቱን አላየንም። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበና ቦዩ ውስጥ ወረደ።

«ድንጋይ ያቀብሉኝ አያ ታረቀኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልደፍነዋ።»

«ከአለቆችህ ጋር እንዳትጣላ፣ አንተ ሰው።»

«ያቀብሉኝ እንጂ!»

ሁለቱ የቦዩን አፍ በድንጋይ፣ በሣርና በአፈር ደፈኑት፤ እኔም ጭቃ አቀበልኩ። ውሃው ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መተኛት ጀመረ። አያ ታረቀኝ መዳፋቸውን ነክረው «ምሕረቱን ያምጣ» አሉ። አባቴ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞኝ ሄደ። በዚያ ሳምንት ከቄጤማው ሥር አረንጓዴ ብቅ ሲል አየሁ፤ የሮጥኩት ሩጫ! አያ ታረቀኝም «አየሽ፣ አልጨከነም» አሉኝ።

ሆሳዕና ሳይደርስ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የአባቴ አለቃ ጨፌው ላይ ውሃ ተኝቶ ሲያዩ ተቆጡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ያየሁት አባቴ ማታ አያ ታረቀኝ ቤት ደጃፍ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ነው።

«ለእንግዶቹ ብቻ ነው» አለ። «እንደሄዱ መልሰን እንደፍነዋለን።»

አያ ታረቀኝ እኔን አዩኝ። «ልጆች አሉህ» አሉ፤ ልጁ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። «እሽ፤ ክፈተው።»

አባቴ በገዛ እጁ ከፈተው። እንግዶቹ በቀጠሩት ዕለት ሳይመጡ ቀርተው ሌላ ቀን መጡ፤ ዙሪያውን ከመኪና ሳይወርዱ አይተው ወደ ደባርቅ አለፉ። ቦዩ መልሶ ሲደፈን የበጋው ፀሐይ በርትቶ ነበር፤ ምንጩም አነሰ። ብቅ ያለው አረንጓዴ አንገቱን ደፋ። የስቅለት ዕለት ከስግደት በኋላ አያ ታረቀኝ ለነገ የሚታጨድ መኖሩን ሊያዩ ማጭዳቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸው። እንደገቡ ወዲያው ወጡ፤ ማጭዱ በወገባቸው እንደተሻጠ ነው።

የደብሩ ሰዎች ለእሳቸው ሲሉ አንድ ነገር አድርገው ነበር። ሳይነግሯቸው፣ ከዳባት ጎንደር በሚመላለስ ሚኒባስ ቄጤማ አስመጥተዋል። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ማልዶ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አደረሰና እግረ መንገዱን በዓሉን ሊሳለም ከበሩ ቆመ። አያ ታረቀኝም ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር ነበሩ። እኔና አባቴ አጠገባቸው ነን። ቄጤማው ሲፈታ ሽታው መጣ፤ የጭቃ ሽታ ግን አልነበረበትም።

መምሬ ፈንታ በመስቀሉ ሰላም መደረጉን የሚያበስረው ዜማ እንዳለቀ የመጀመሪያውን ለምለም አነሱ። እንደ ሁልጊዜው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የታረቀኝ ቤት!» አሉ።

ማንም አልተነቃነቀም። አያ ታረቀኝም።

«የታረቀኝ ቤት» አሉ መምሬ ፈንታ ዳግመኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ልመና ነበር።

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። አያ ታረቀኝ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተመለሰ መሰለኝና የአባቴን እጅ ጎተትኩ። እሳቸው ግን መስቀሉን ተሳለሙ እንጂ ለምለሙን ሊያሳስሩ ራሳቸውን ዝቅ አላደረጉም። ወደ በሩ ዞሩና ሹፌሩን እጁን ይዘው ወደ ፊት አመጡት።

«ያመጣው ይኼ ነው» አሉ።

ሹፌሩ ደነገጠ። «ኧረ አባቴ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው ያደረስኩት!»

«የእኔም አባቶች የታዘዙትን ነው ያደረሱት። ዝቅ በል ልጄ፤ ባርኔጣህን አውልቅ።»

መምሬ ፈንታ ለምለሙን ሹፌሩ ራስ ላይ አሰሩ። አያ ታረቀኝ ወደ ግንቡ ተመልሰው ቆሙና ከሕፃናቱ በኋላ፣ በመጨረሻ ተቀበሉ። አባቴ ተራው ሲደርስ ተቀብሎ ራሱ ላይ አላሰረም፤ ኪሱ ከተተው። ወደ ቤት ስንመለስ እንዳያለቅስ ፈራሁ፤ አላለቀሰም፤ ያኔ ቢያለቅስ ይሻለን ነበር።

ክረምት ላይ ባህር ዛፉ ተተከለ። ሁሉም ጸደቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ቀዳም ስዑር ቄጤማው ከጎንደር በሌላ መኪና መጣ። መምሬ ፈንታ የማንንም ስም ሳይጠሩ ከፊት ከቆመው ሰው ጀምረው አደሉት። ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ለምለሙን እያሰረ «እንኳን አደረሰህ» ይባባላል። አያ ታረቀኝ ከግንቡ ሥር፣ እጃቸውን እንደኛው ዘርግተው ተራቸውን ጠበቁ።